የውስጥ ለውስጥ መሸርሸር ምንድን ነው? አሮጌ የኩሬ ግድብ በጠራራ ፀሐይ እንዴት ይፈርሳል?

የአፈር ግድብ በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይፈርሳል። አንደኛው ጎርፍ ሞልቶ በአናቱ ላይ ሲፈስና ጀርባውን ሲቦረቡረው ነው። ይህኛው ከከባድ ዝናብ ጋር ስለሚመጣ ሰው ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ የኩሬውም ውሃ ከወትሮው ባልጨመረበት ቀን ሊደርስ ይችላል። ውሃ በግድቡ አካል ውስጥ መንገድ ያገኝና አፈሩን ቅንጣት በቅንጣት እያጠበ ያወጣዋል። የውስጥ ለውስጥ መሸርሸር የሚባለው ይህ ነው። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት የአፈር ግድብ አደጋዎች ግማሽ ያህሉ የመጡት ከዚህ ነው።

ውሃ ፈጽሞ የማይሰርግበት የአፈር ግድብ የለም። በደንብ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር እንኳን ውሃን ቀስ እያለ ያሳልፋል። ስለዚህ ከግድቡ ግርጌ እርጥብ መሬት ወይም ቀጭን ምንጭ መታየቱ ብቻውን ሊያስደነግጥ አይገባም። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተሠሩት አነስተኛ ግድቦች ብዙዎቹ ውሃቸውን በስርገት ያጣሉ፤ ከግርጌያቸው ያሉ ገበሬዎች የሰረገውን ውሃ መልሰው ለመስኖ የሚጠቀሙበት ቦታም አለ። የውሃው መጥፋት ያስቆጫል፣ ግን በራሱ ግድቡን አይጥለውም። ዋናው ጥያቄ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ነው ወይስ አፈር ይዟል የሚለው ነው። ስለ አሮጌ ግድብ አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ቢፈቀድልኝ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ሽርሸራው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ውሃው ከግድቡ በሚወጣበት በታችኛው ጎን ነው። በዚያ ነጥብ ላይ የውሃው ግፊት ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ከተያያዙበት ጉልበት ከበለጠ አንዷ ትለቃለች፣ ከኋላዋ ያለችውም ትከተላለች። ቀዳዳው ከግርጌው ተነሥቶ ወደ ኩሬው አቅጣጫ፣ ወደ ኋላ ይረዝማል። በረዘመ ቁጥር ውሃው በአፈር ውስጥ የሚያልፈው ቀሪ ርቀት ያጥራል፤ ርቀቱ ሲያጥር ግፊቱ ይበረታል፤ ግፊቱ ሲበረታ የሚታጠበው አፈር ይበዛል። ለዓመታት ሲያዘግም የቆየው ጉዳት በመጨረሻው ሰዓት የሚጣደፈው በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ኢዳሆ ግዛት የቲተን ግድብ ጁን 5 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. ጠዋት ላይ ድፍርስ ውሃ ሲያፈስ ታየ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተደረመሰ፤ 11 ሰዎች ሞቱ። ያውም ከፍታው ከ90 ሜትር በላይ የሆነ አዲስ ግድብ ነበር። ጠንከር ያለ አፈር ደግሞ በቀዳዳው ላይ ጣሪያ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ግድቡ ምስጥ እንደበላው ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ምንም ያልሆነ ይመስላል።

በትንሽ ኩሬ ግድብ ላይ ደካማው ቦታ ቱቦው ነው። የኩሬውን ውሃ ለማጉደል ወይም ከፍታውን ለመቆጣጠር በግድቡ ሥር የሚያልፍ ቱቦ ይቀበራል። በክብ ቱቦ ጎንና ጎን፣ በተለይም ከሆዱ ሥር፣ አፈርን አጥብቆ መጠቅጠቅ አስቸጋሪ በመሆኑ ውሃ ያን ልል አፈር ተከትሎ ይሄዳል። ብዙዎቹ የቆዩ ኩሬዎች ያላቸው የቆርቆሮ ቱቦ ነው፤ እንደ ውሃውና እንደ አፈሩ ጠባይ ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 50 ዓመት ነው። ቱቦው ሲዝግ ወይም መገጣጠሚያው ሲከፈት፣ በዙሪያው ያለው አፈር ወደ ውስጡ እየገባ ከውሃው ጋር ይወጣል። የቀድሞ መሐንዲሶች የውሃውን መንገድ ለማስረዘም በቱቦው ላይ የኮንክሪት አንገትጌ ያስሩ ነበር። ይሁን እንጂ አንገትጌዎቹ አፈሩ በደንብ እንዳይጠቀጠቅ እንቅፋት መሆናቸው ስለታወቀ፣ በአሜሪካ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በዙሪያው አሸዋ ማልበስ ተመራጭ ሆኗል። የአሸዋው ቅንጣት መጠን ተለክቶ ይመረጣል፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል። ለዚህ ልኬታ መሠረት የጣለው የአፈር ሜካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ ነው። እኔ በበኩሌ ከግድብ ምሕንድስና ሁሉ እንደዚህ ማጣሪያ የሚደንቀኝ የለም፤ ውሃን ከማገድ ይልቅ በሰላም ማውጣት እንደሚሻል የተረዳ ሥራ ነው።

ቱቦ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሎውን ሌክ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ሎውን ሌክ በኮሎራዶ የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው። ገበሬዎች ለመስኖ ብለው እ.ኤ.አ. በ1903 መውጫው ላይ የአፈር ግድብ ሠርተው ውሃውን አበዙት። የግድቡ ከፍታ 8 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ጁላይ 15 ቀን 1982 ገና ሲነጋ ግድቡ ተደረመሰ። ምርመራው ያገኘው ምክንያት እጅግ ትንሽ ነገር ነው፦ የመውጫው ቱቦ ከመቆጣጠሪያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የነበረው ከእርሳስ ብረት የተሠራ መድፈኛ አርጅቶ ውሃ ያስተላልፍ ጀመር፤ ያ ውሃ በዙሪያው ያለውን አፈር እያጠበ ወሰደው። ጎርፉ በተራራው ቁልቁል ወርዶ ከታች የነበረውን ሌላ ግድብ አፈረሰና እስከ ኢስትስ ፓርክ ከተማ ዘለቀ። በድንኳን የነበሩ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ማለዳ ቆሻሻ ሊሰበስብ የወጣ አንድ ሠራተኛ ድምፁን ሰምቶ ባያሳውቅ ኖሮ ጉዳቱ በባሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ፓርኩ በግዛቱ የነበሩ ሌሎች ሦስት አሮጌ ግድቦችን አፈረሰ።

ለአእዋፍና ለዱር እንስሳት የተተወ ኩሬ የራሱ ፈተና አለው። ከእርሻው ወይም ከወፍጮው ሥራ ከወጣ በኋላ ተቆጣጣሪ አይኖረውም፤ ሣሩን የሚያጭድ፣ መዝጊያውን የሚሞክር ይጠፋል። ማስክራት የተባለችው የውሃ ዳር አይጥ ከውሃው ወለል በታች ጀምራ ወደ ግድቡ ሆድ ትቆፍራለች። ቢቨር የተባለው ወንዝ ገዳቢ እንስሳ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ማስተንፈሻ በእንጨትና በጭቃ ይደፍነዋል። በግድቡ ላይ የበቀለ ዛፍ ጥላው ደስ ይላል፣ ነገር ግን ሲደርቅ ሥሩ በስብሶ ክፍት መተላለፊያ ይተዋል። ለዚህም ነው ትልቅ ዛፍን ያለ መሐንዲስ ምክር ቆርጦ ጉቶውን መተው የማይመከረው።

ትንሽ መሆኑም ዋስትና አይሆንም። በጆርጂያ ግዛት ቶኮዋ የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ ኃይል ማመንጨት ያቆመው በ1957 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በኋላ የመዝናኛ ሐይቅ ብቻ ሆኖ ቆየ። ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ሌሊት ሲፈርስ ከሥሩ በነበረ ኮሌጅ ግቢ 39 ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ካርተር በግል የተያዙ አደገኛ ግድቦች እንዲመረመሩ ያዘዙት ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ከ90,000 በላይ ግድቦች አሉ፤ አማካይ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው የአደጋ ደረጃ የሚለካው ግድቡ ቢፈርስ ከሥሩ ማን ይጎዳል በሚለው ነው፤ ስለ ግድቡ ጤንነት አይናገርም። በባዶ ሜዳ ላይ የተሠራ ኩሬ፣ ከታቹ ቤቶች ሲሠሩ ራሱ ምንም ሳይለወጥ አደገኛ ይሆናል። እጅግ አነስተኛ የሆኑት ደግሞ ከመዝገቡ ውጪ ስለሆኑ የሚያያቸው ባለቤታቸው ብቻ ነው።

እንግዲህ ባለቤቱ ምን ይይ? ከግርጌው የሚወጣውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ማስቀመጥና ደለል መዝቀጡን ማየት ቀላሉ ፍተሻ ነው። በግድቡ አናት ወይም ተዳፋት ላይ አዲስ ጉድጓድ፣ ከቱቦው አፍ ጎን የሚፈልቅ ውሃ፣ በኩሬው ላይ የሚሽከረከር አዙሪት፣ ያለ ዝናብ የጨመረ ፍሳሽ፣ እነዚህ ሁሉ በዚያው ቀን መሐንዲስ የሚያስጠሩ ናቸው።

ድፍርስ ውሃ ሲፈልቅ ሰው በፍጥነት የሚያስበው በጭቃ መድፈንን ነው። ይህ መደረግ የለበትም፤ የታፈነው ውሃ ግፊቱ ጨምሮ በሌላ ቦታ ይወጣል። አስቀድሞ ከታች ያሉ ሰዎች እንዲርቁ ይነገራቸው። ከዚያ ሊቀርቡት የሚቻል ከሆነ፣ መውጫው ላይ አሸዋ፣ በላዩም ጠጠር ማልበስ ውሃውን እያሳለፈ አፈሩን ሊያስቀር ይችላል። ኩሬውንም ማጉደል ያስፈልጋል። ጊዜ ካለ ግን በቀስታ መሆን አለበት፤ በውሃ የራሰው የውስጠኛው ተዳፋት የደገፈው ውሃ በድንገት ሲሸሽ ይናዳልና በቀን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ባይወርድ ይመረጣል። ለጥገና ተብሎ ውሃው እንዲህ ቀስ እያለ ሲወርድ የሚጋለጠው ጭቃ በትላትልና በነፍሳት የተሞላ ስለሆነ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው የውሃ ዳር ወፎች ይመገቡበታል።