የሳንቲም ህትመት ስህተት ምንድን ነው? ከተራ ጉዳት በምን ይለያል?

የህትመት ስህተት የሚባለው ሳንቲሙ ከማተሚያ ቤቱ ሳይወጣ የተፈጠረበት ጉድለት ነው። ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነገር ሁሉ ጉዳት ይባላል። ስህተት ሳንቲሙን ተፈላጊ ያደርገዋል፤ ጉዳት ዋጋውን ይጥለዋል። ችግሩ ብዙ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ሳንቲም ሁለቱንም ተሸክሞ ሊመጣ መቻሉ ነው።

ለመለየት መጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ከረጅም የብረት ዝርግ ላይ ክብ ቁራጮች ይቆረጣሉ። ጠርዛቸው ትንሽ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ በሁለት ጠንካራ የብረት ማህተሞች መካከል ገብቶ በከባድ ኃይል ይጨመቃል። እውነተኛ ስህተት የግድ ከነዚህ ደረጃዎች በአንዱ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ እንግዳ ነገር ስታዩ «ይሄ በየትኛው ደረጃ ላይ ሊፈጠር ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ በአብዛኛው የያዛችሁት የተጎዳ ሳንቲም ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ምልክት መስመር ነው። ሳንቲሙ ላይ ቀጭን መስመር አይታችኋል እንበል። ከፊቱ ከፍ ብሏል ወይስ ወደ ውስጥ ገብቷል? ማህተሙ በሥራ ብዛት ሲሰነጠቅ፣ ሲጨመቅ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ይገባል። በዚህ ምክንያት ሳንቲሙ ላይ የሚቀረው መስመር ከፍ ያለ ነው። ጭረት ግን ብረቱን ቆፍሮ ያልፋል፤ ዳር ዳሩም የተገፋ ብረት ይከመራል። ማህተሙ ጠርዙ ላይ ተሸርፎ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ጽሑፍም ሥዕልም የሌለው እብጠት ይወጣል። በዚያው ቦታ ከጀርባ ያለው ሥዕልም ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ይላል። ይህን በመዶሻ አስመስሎ መሥራት በጣም ከባድ ነው።

ጠርዙ የተነከሰ የሚመስል ሳንቲምም ብዙ ያሳስታል። ቁራጩ ሲቆረጥ መቁረጫው ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ካረፈ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጉድለት ይቀራል። ታዲያ ከጉድለቱ ትይዩ ያለውን ጠርዝ ተመልከቱ። እውነተኛ ከሆነ እዚያ ያለው ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ደክሞ ወይም ጠፍቶ ይገኛል። በመቀስ ወይም በሞረድ የተቆረጠ ከሆነ ግን ትይዩው ጠርዝ ምንም አይሆንም።

ፊደሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲታዩ ሰው ቶሎ ይደሰታል። በዚህ ረገድ ስመ ጥሩ እ.ኤ.አ. በ1955 በፊላደልፊያ የታተመው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ነው። ያኔ ስህተቱ ማህተሙ ላይ ነበር። ማህተሙ ሲቀረጽ ሥዕሉ ትንሽ ዞሮ ሁለት ጊዜ አረፈበት። ከዚያ ማህተም የወጡ 20,000 ገደማ ሳንቲሞች ገበያ እንደገቡ ይገመታል። ዓመተ ምሕረቱና ፊደሎቹ በዓይን በደንብ ድርብ ሆነው ይታያሉ፤ ሁለቱም ምስሎች ክብና ሙሉ ናቸው። ሳንቲሙ ሲጨመቅ ማህተሙ ተንቀጥቅጦ የሚመጣው መደረብ ግን ጠፍጣፋና እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። እሱ ብዙ ሳንቲም ላይ ስላለ ተጨማሪ ዋጋ ብዙም አያመጣም።

ወደ አገራችን ሳንቲሞች ስንመጣ፣ ስህተት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮች አሉ። 1936 ዓ.ም. የሚለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25 ሳንቲም ክብም አለ፣ ጠርዙ እንደ አበባ የተቆረጠም አለ። ክቡ ከ10 ሳንቲም ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ ነው ሆን ተብሎ የተቆረጠው። የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች ላይ ያለውን አንበሳም በማጉያ ብታዩት፣ በአንዳንዶቹ አገጩ ላይ ሁለት ረጃጅም ጢሞች አሉ፤ በሌሎቹ ጢሙ እኩል ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ዓይነቶች ናቸው። ማርትሬዛም እንደዚሁ ነው። 1780 የሚል ብር ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በተለያዩ አገሮች ታትሟል። ዓመቱ ስላልተለወጠ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። አንገት ላይ ሊንጠለጠል ቀለበት የተበየደበት ማርትሬዛ ደግሞ ታሪኩ ደስ የሚል ቢሆንም፣ በሰብሳቢዎች ዓይን የተጎዳ ነው።

የተሳሳተ ብረት ላይ የታተመ ሳንቲም ከሆነ ዓይን ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ መዳቡን ለጦርነት ስለፈለገችው አንድ ሳንቲሟን ዚንክ በተለበጠ ብረት አተመች። ጥቂት የመዳብ ቁራጮች ግን ማሽን ውስጥ ቀርተው አብረው ታተሙ። ዛሬ እጅግ ውድ ስለሆኑ ተራውን በመዳብ ለብጠው የሚሸጡ አሉ። ማግኔት ከሳበው ልብጥ ነው። የብረቱ ክብደት 2.7 ግራም፣ የመዳቡ 3.11 ግራም ነው፤ የወርቅ ሚዛን ልዩነቱን በቀላሉ ያወጣዋል። የ1948ን 8 ቁጥር ሞርደው 3 የሚያስመስሉም ስላሉ ቁጥሩን በማጉያ መርምሩ።

ያረጀ ሳንቲም ላይ በመነካካት ብዛት ፊቱ መፋቁ ራሱ ምስክር ነው። አንድ ፊደል ጠፍቶ አጠገቡ ያሉት ጥርት ብለው ከታዩ፣ ማህተሙ ውስጥ ቆሻሻ ወይም ቅባት ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በእኩል ከደበዘዙ ግን ያው መፋቅ ነው። ጉድለቱ የህትመት ከሆነ ከሳንቲሙ ጋር አብሮ አርጅቷል፤ ዳሩ ለስልሷል፣ ቀለሙም ከሌላው ፊት ጋር ተመሳስሏል። በጠቆረ ሳንቲም ላይ የሚያብረቀርቅ ስለታማ ቁስል ካያችሁ ትናንት የተሠራ ነው።

ለዚህ ነው ሳንቲም በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጨው መፈተግ የሌለበት። ከቀለሙ ጋር ማስረጃውም ይጠፋል። አቧራ ካለበት ለብ ባለ ውሃ አለቅልቃችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት፤ አትሹት። ከዚያ ተመሳሳይ ዓመትና ዓይነት ያለው ሌላ ሳንቲም ፈልጋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡና ብርሃኑን ከጎን እያበራችሁ አነጻጽሩ።