የድሮ የግብር ደረሰኝ ላይ ያለው ስም የማን ነው?

ጅማ ውስጥ የቤተሰቡን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከአያቱ ሳጥን የመሬት ግብር ደረሰኝ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደናግረው ስሙ ነው። ደረሰኝ የሚቆረጠው መሬቱ በመዝገብ በተያዘበት ሰው ስም ነው። ልጆች ስም ሳያዛውሩ ከከፈሉ፣ የሞተው አባት በወረቀቱ ላይ በሕይወት ያለ ይመስላል። ስለዚህ የሞት ዘመን ከዚህ አይወሰድም።

ጭሰኛ የነበረ አያትማ ዕድሜ ልኩን ቢያርስም ስሙ ላይገኝ ይችላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስታጡት «አልነበረም» አትበሉ፣ የባለመሬቱን ስም ይዛችሁ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ። በጅማ ደግሞ እንደ «አባ ጅፋር» ያለ የፈረስ ስም (ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት መጠሪያ) ስላለ አንድ ሰው በሁለት ስም ሊጠራ ይችላል።

ደረሰኙ ላይ የምታገኟቸው «ለም» (ፍሬያማ)፣ «ለም ጠፍ» (መካከለኛ) እና «ጠፍ» (ያልለማ) የመሬቱ ደረጃዎች ናቸው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ የተቆረጠ ደረሰኝ ግን ርስትን ሳይሆን የመጠቀም መብትን ነው የሚያመለክተው።