ደም ብዛት የደም መብዛት አይደለም

አክስቴ ቀይ ሥር አትበላም። «ደም ብዛት እያለብኝ ደም የሚጨምር ነገር ልብላ?» ትላለች። ሰላጣ ሲቀርብ ቀያዮቹን እየለቀመች ወደ ሳህኑ ዳር ትገፋለች። የቀረው ድንች ላይ ጨው ትነሰንስና ትበላለች።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የስሙም ነው። ደም ብዛትና ደም ማነስ ሲባሉ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ይመስላሉ። አይደሉም። ደም ማነስ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን መቀነሱ ነው። ደም ብዛት ደግሞ ደሙ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከልክ ማለፉ ነው። ሐኪም ቤት «ግፊት» የሚሉት ለዚህ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ፤ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ በዋግምት ደም ማስወጣት ግፊትን አያክምም። ቀይ ሥርም ግፊት አይጨምርም።

«ከፍ ሲል ራሴን ያመኛል፣ አውቀዋለሁ»

ይቺም የአክስቴ ናት። ግንባሯን ትዳስስና «ዛሬ ከፍ ብሏል» ትላለች። ኪኒኗን የምትውጠው ያን ቀን ነው። ግፊት ያለበት አብዛኛው ሰው ግን ምንም አይሰማውም። ለዓመታት ልብንና ኩላሊትን ዝም ብሎ ሲጎዳ ቆይቶ አንድ ቀን በስትሮክ ይገለጣል። የሚገርመው፣ ለራስ ምታቱ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ራሱ ግፊት ሊጨምር ይችላል። አይቡፕሮፌንም እንደዚያው። ለጉልበት ሕመም በየቀኑ የምትወስዱ ካላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

«መንገድ ላይ ተለካሁ፣ 150 ሆነ፣ አለቀልኝ»

ቆይ፣ አላለቀም። ዳገት ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሽንት ይዞት፣ በሹራብ ላይ የተለካ ሰው ቁጥር አይታመንም። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር። ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ ነው። ክንድ ይራቆት፣ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በሚለካበት ጊዜ ወሬ የለም። በተለያዩ ሁለት ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው ቁጥር 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያኔ ግፊት አለ ይባላል። ቁጥሩ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መተሳሰር ካለ ግን ሁለተኛ ቀን አይጠበቅም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

«ጮማ ትቻለሁ፣ ሌላ ምን ቀረኝ?»

ጨው ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም። ወጡ ሲወጣ ይጨመርበታል፤ ማዕድ ላይ «ጨው አንሶታል» ተብሎ ደግሞ ይነሰነሳል። ዳቦውም አለው። ቡና በጨው የሚጠጣበት አገር ሲኬድማ ስኒው ሁሉ ይቆጠራል። የጾም ምግብም ጨው አይጾምም።

«እኔ ቀጭን ነኝ» ለሚሉ፦ ውፍረት ያባብሳል እንጂ ቅጥነት ዋስትና አይሆንም። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ይበሉ፣ ምግብ ናቸው። የኪኒን ምትክ ግን አይደሉም።

«ኪኒኑ አንዴ ከተጀመረ አይለቅም»

የማይለቀው በሽታው ነው እንጂ ኪኒኑ ሱስ አያስይዝም። 125/80 ሲሆን «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም፣ ጣሪያው ማፍሰስ አቆመ ብሎ ቆርቆሮውን እንደመንቀል ነው። ክብደት የቀነሰና ጨው የተወ ሰው መጠኑ ሊቀነስለት ይችላል፤ ያንን ግን ሐኪሙ ይወስን። እርግዝና የምታስብ ሴት ደግሞ አስቀድማ ትማከር፤ ኢናላፕሪልን የመሰሉት የግፊት ኪኒኖች ለጽንስ አይሆኑም።

ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ብዙ ሰው ኪኒኑን የሚጥለው በዚህ ነው፣ ሌላ ዓይነት መድኃኒት እያለ። አክስቴ ለሳሉ ሦስት ወር ሙሉ ዝንጅብል በማር ስትጠጣ ከረመች። በመጨረሻ ለሐኪሟ ነገረች፣ ኪኒኑ ተቀየረላት፣ ሳሉም ለቀቃት። አሁን በየቀኑ ትውጣለች።

ቀይ ሥሩን ግን እስከ ዛሬ ትለቅመዋለች።