የዶሚየር የጅራታም ኮከብ ካርቱን ምንድን ነው?

በ1857 (እ.ኤ.አ.) «ጁን 13 ቀን ጅራታም ኮከብ ምድርን ይመታል» የሚል ወሬ አውሮፓን አመሳት። በ1556 የታየው ኮከብ ተመልሶ ይመጣል ብለው የገመቱ የሥነ ፈለክ ሰዎች ነበሩ፤ ቀኑን የቆረጠው ግን ወሬው ነው። ሰዓሊው ኦኖሬ ዶሚየር (1808–1879) ድንጋጤውን የፓሪሱ ዕለታዊ የሥላቅ ጋዜጣ «ለ ሻሪቫሪ» ላይ መሳቂያ አደረገው። ናፖሊዮን ሦስተኛ ከ1852 ጀምሮ ፕሬሱን ጠፍንጎ ስለያዘው በመንግሥት ላይ መቀለድ አደገኛ ነበር። ሰማይ እያየ በሚንቀጠቀጥ ጎረቤት መሳቅን ግን ማንም አልከለከለም።

ሥራው ሊቶግራፍ፣ ማለትም ከድንጋይ ላይ የሚታተም ሥዕል ነው። በአሸዋ ተፈትጎ በጥቂቱ እንዲሻክር በተደረገ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ክሬዮን ይሳላል። ከዚያ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የገባበት የግራር ሙጫ ይቀባል። ድንጋዩ በውሃ ሲርስ ክሬዮን የነካው ቦታ ውሃውን ገፍቶ የማተሚያውን ቀለም ይይዛል፤ እርጥቡ ቦታ ቀለሙን አይቀበልም። አሲዱ ከበዛ ሳሳ ያሉት ጥላዎች ተበልተው ይጠፋሉ፤ ካነሰ ጥቁሩ እየሰፋ ሥዕሉን ይደፍነዋል። የጣት ቅባት እንኳ አሻራ ሆኖ ይታተማል። ሥዕሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለሚወጣ ድንጋዩ ላይ የሚጻፍ ፊደል ሁሉ ወደኋላ መጻፍ አለበት። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ቀልድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የጋዜጣው ሰዎች እንጂ ዶሚየር አልነበረም።

የተፈራው ቀን እንዲሁ አለፈ። በዓመቱ ግን፣ ጁን 2 ቀን 1858፣ ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሰው ዶናቲ ፍሎረንስ ላይ አዲስ ጅራታም ኮከብ አገኘ፤ በመከር ወራት ያለ ቴሌስኮፕ በዓይን ይታይ ነበር። ዶሚየር አሁን ዱላውን ወደ ምሁሩ አዞረ። ጅራታም ኮከብ እዚህ ግባ የማይባል ስስ ነገር ነው እያለ ሲያረጋጋ የኖረው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዣክ ባቢኔ ቴሌስኮፑ ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ የሕንፃው በር ጠባቂ ሴትዮ ከጀርባው ሰማይ ላይ የሚያበራውን ኮከብ በጣቷ ታሳየዋለች። ከሁሉም የሚበልጠው ይህኛው ነው፤ ባልተማረው ላይ ብቻ ከሚያሾፍ ካርቱን ይልቅ ይነክሳል።

ዛሬ ከእነዚህ ሕትመቶች አንዱን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ይገልብጥ። ከጋዜጣው የተቆረጠው በጀርባው ጽሑፍ አለበት፤ ቀለሙም ወደ ሥዕሉ ሰርጎ ይታያል። ለሰብሳቢዎች በተሻለ ወረቀት የታተመው ጀርባው ባዶ ነው፤ ዋጋውም ይወደዳል።