የግራ እጅ አያያዝና አቀማመጥ በኤሌክትሪክ ጊታር

ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ግራ እጅ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ክሩን ተጭኖ ድምፁን መምረጥ ነው። ሁለተኛው መሰማት የሌለባቸውን ክሮች ዝም ማሰኘት ነው። ጀማሪ የሚያስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጎጃም ውስጥ ከክራር ወደ ጊታር የተሻገረ ሰው ግን ሁለተኛውን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ክራር ሁሉም ክሮቹ አንድ ላይ ሲመቱ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ የተለቀቁት ብቻ ይሰማሉ። ማሲንቆ ደግሞ ፍሬት፣ ማለትም በጊታር አንገት ላይ አግድም የተተከለ የብረት ዘንግ፣ የሚባል ነገር የለውም። ጣት ክሩን ነካ ያደርጋል፣ ድምፁ ይቀየራል። የአዝማሪን ግራ እጅ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ትግል አያይበትም።

ጊታር የያዘ ጀማሪ ግን የጊታሩን አንገት አንቆ ይይዛል። ምክንያት የለውም። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ቀጭን ነው፤ የመጀመሪያው (በጣም ቀጭኑ) ክር ብዙ ጊዜ 0.23 ወይም 0.25 ሚሊሜትር ነው። ከልክ በላይ ሲጫኑት ድምፁ ከልኩ በላይ ይቀጥናል፣ በደንብ የተቃኘ ጊታር ቅኝቱ የጠፋበት ይመስላል። ልኩን ማግኘት አይከብድም። አንድ ክር ይዞ እየመቱ ጣትን ቀስ በቀስ ማላላት ነው። ክሩ ዝዝ ማለት ሲጀምር ትንሽ ጨመር ማድረግ። የሚያስፈልገው ጉልበት ያችው ናት። ጣት የሚያርፈው ፍሬቱ ላይ ሳይሆን ከፍሬቱ ጀርባ ጠጋ ብሎ ነው፤ በራቀ ቁጥር ጉልበት ይጠይቃል።

መብራት መጥፋትም የራሱ ጣጣ አለው። አምፕሊፋየሩ ሲዘጋ ተጫዋቹ ራሱን ለመስማት በሁለቱም እጁ ይበረታል። በዚያ መልክ ብዙ የተለማመደ እጅ መድረክ ላይም እንደዚያው ይጨብጣል። በጨለማ ጊዜ ዘገምተኛ የጣት ልምምድ ይሻላል።

አውራ ጣትን በተመለከተ ከአንገቱ ጀርባ ይሁን የሚልና ከላይ ብቅ ይበል የሚል ሁለት ወገን አለ፤ ክርክሩ ግን ከንቱ ነው። ጣቶች ሲዘረጉና ባሬ ኮርድ (አንድ ጣት ብዙ ክሮችን በአንድ ላይ የሚጫንበት ኮርድ) ሲያዝ አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ መሃል ላይ፣ በመሃል ጣት ትይዩ ቢያርፍ እጅ ይከፈታል። ክር ሲጎተት ወይም ቪብራቶ (ድምፅን ማወዛወዝ) ሲሠራ ደግሞ ከአንገቱ በላይ ብቅ ቢል መደገፊያ ይሆናል፤ ስድስተኛውንም (በጣም ወፍራሙን) ክር ያፍናል። ታዋቂው አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ ስድስተኛውን ክር በአውራ ጣቱ ይይዝ ነበር። እሱስ ግራኝ ስለነበር ፍሬት የሚይዘው በቀኙ ነው። ሁለቱም አያያዝ ያስፈልጋል፤ እጅ እንደ ዜማው ይቀያይራል። የእጅ አንጓ ግን በሁለቱም ቀጥ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ በጣም ሲታጠፍ የጣቶቹ ጅማት ጠባብ ቦታ ላይ ይፋተጋል።

ፍሬቶች እኩል አይራራቁም። ከላይኛው የክር ማረፊያ እስከ ድልድዩ (ታችኛው የክር ማረፊያ) 648 ሚሊሜትር በሆነ ጊታር፣ ለምሳሌ በፌንደር ስትራቶካስተር፣ የመጀመሪያው ፍሬት ክፍተት 36 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 12ኛው ላይ ሲደረስ ወደ 19 ይጠባል። ስለዚህ ትንሽ እጅ ያለው ጀማሪ ከ5ኛው ፍሬት አካባቢ ቢነሳ ይቀለዋል። ለአንድ ጣት አንድ ፍሬት የሚለው ደንብም ለእኛ ቅኝት ይመቻል። ከሲ (C) የሚነሳ ማይነር ትዝታን እንይ። አመልካች ጣት አምስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ትውላለች። የቀለበት ጣት 5ኛውን፣ ትንሿ 6ኛውን ይዛ ትቀጥላለች። ከዚያ አራተኛው ክር ላይ እንደገና 5ኛና 6ኛ ፍሬት፤ መጨረሻ ሦስተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ሲ ተመልሶ ይመጣል። እጅ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቅኝቱ አለቀ። በአንድ ክር ላይ ልውጣው ያለ ግን ከ6ኛው ወደ 10ኛው ፍሬት መዝለል አለበት።

የእጅ ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወንበር ነው። አጭር በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ ጊታሩም ይጋደማል። ጭን ከወለሉ ጋር እኩል የሚሆንበት፣ የክንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር ይመረጣል። ክሮቹን ለማየት የጊታሩን ፊት ወደ ላይ ማንጋለል ሌላው የተለመደ ልማድ ነው። ያኔ አንጓ ዞሮ መድረስ ይኖርበታል። ጊታሩ ቀጥ ብሎ፣ ጭንቅላቱ ወደ ትከሻ ከፍታ ዘንበል ቢል የእጅ ክርን ከጎን ነጻ ሆኖ ይንጠለጠላል።

ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ወይም ሠርግ ላይ የሚጫወት ሰው ቆሞ ነው የሚያመሸው። ቁጭ ብሎ የተለማመደው እጅ ቆሞ እንዳይደናገር ማንገቻው ጊታሩን በዚያው ከፍታ ሊይዘው ይገባል። ጉልበት ድረስ የወረደ ጊታር ፎቶ ላይ ያምራል፤ አንጓን ግን ያጥፋል። ሌስ ፖል የሚባለው የጊታር ዓይነት 4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሰፊ ማንገቻ ይፈልጋል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ እጅን ሳያሟሙቁ ፈጣን እስክስታ ውስጥ መግባት አይመከርም።

የጣት ጫፍ መቁሰል ያልፋል፤ ቆዳው ይጠነክራል። አውራ፣ አመልካችና መሃል ጣት ላይ የሚሰማ መደንዘዝ ግን አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ መጨነቁን ሊያመለክት ይችላል። ይህ የወጌሻ ሥራ አይደለም፤ ጊታሩን አስቀምጦ ሐኪም ማየት ነው።