ኢኮኖሚስት ያለው መቼ ሆኖ ያውቃል?

ድሬዳዋ ላይ የጫት በርጫ ተይዞ የዶላር ነገር ከተነሳ ኢኮኖሚስቶችን የማይወርፍ የለም። ግማሹ ነቀፋ ይገባቸዋል፤ ግማሹ ግን ዒላማውን የሳተ ነው።

«ሁልጊዜ ይሳሳታሉ»

ሁልጊዜስ አይደለም፤ የሚሳሳቱት በጣም በሚፈለጉበት ቀን ነው። ነገሩ እንደ አምናው ሲቀጥል የዓመቱ ግምታቸው ብዙ አይርቅም። ጉዱ የሚመጣው ነገር ሲገለበጥ ነው። ኧርቪንግ ፊሸር በዘመኑ ከአሜሪካ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች አንዱ ነበር። በጥቅምት 1929 እ.ኤ.አ. የአክሲዮን ዋጋ ከፍ እንዳለ የሚዘልቅ ይመስላል አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ገበያው ተንኮታኮተ። በ2008ቱ ቀውስም ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስን ሲጎበኙ፣ ይህ ሁሉ ሲመጣ እንዴት ማንም አላየውም ብለው ጠይቀዋል። ደግ አደረጉ። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን በነጥብ የታጀበው ቁጥራቸው ነው። «ከ5 እስከ 8 በመቶ» ማለት ሲቻል «6.4» ብሎ ቁርጥ ማድረግ ምን ይሉታል?

«ታይዋን ገበያ፣ እዚሁ ድሬ ያለው ነጋዴ ይበልጣቸዋል»

ስለ ዛሬ ከሆነ አዎ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ተተምኖ የቆመ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ፍራንኩ ስንት ብር እንደገባ ከሰማ የዶላሩን ዋጋ እዚያው አስልቶ ያገኘዋል፤ የማንንም ሪፖርት አይጠብቅም። የከርሞውን ስትጠይቀው ግን መልሱ «ይጨምራል» ነው። የዋጋ ንረት ለዓመታት ባለሁለት አኃዝ ሆኖ በከረመበት አገር «ይጨምራል» ያለ ሰው በምን ይሳሳታል? «በስንት?» በለውና ወሬ ሲቀይር ታየዋለህ። የኢኮኖሚስቱ ስህተት በጽሑፍ ስለሚቀር ከዓመታት በኋላም ይመዘዛል፤ የነጋዴው ከጫቱ ገራባ ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

«ብሩ እንደሚወድቅ ማንም አልተናገረም»

ተናግረዋል። ብሩ በባንክ ከአቅሙ በላይ ተተምኗል፣ ከተለቀቀ ይወርዳል የሚሉ ለዓመታት ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ገዛ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ታለፈ። ያልታወቀው ቀኑ ነው። ቀኑን ደግሞ የሚቆርጠው መንግሥት እንጂ ቀመር አይደለም።

«ንረቱ ይቀንሳል አሉ፤ ዘይቱ ግን ያው ነው»

መቶ ብር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 30 በመቶ ጨምሮ 130 ገባ እንበል። በዓመቱ ንረቱ ወደ 10 በመቶ ወረደ ቢባል ዕቃው 143 ብር ነው። ትንበያው ሠምሯል፤ ቀፊራ ገበያ ዘንቢል ይዛ የወጣችው እናትም አልተሳሳተችም። «የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው፣ ዋጋው አይደለም» ብሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨመር ባለሙያው ለምን እንደሚሰስት ግን አይገባኝም።