ጉልበቱ የተጨመረ መኪናና ኦቶማቲክ ካምቢዮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከቃሊቲ እስከ ገላን ባለው መስመር ጋራዦች ውስጥ ጉልበት ለመጨመር ቺፕ የተጫነባቸው፣ ቱርቦ ወይም ማርሚታ የተቀየረላቸው መኪኖች ያጋጥማሉ። ማርሹ ሲመታ፣ ሲዘገይ ወይም ሲንሸራተት የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ»። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ መኪና መተካት ቀላል አይደለም። ሳይለካ የሚፈታ ካምቢዮ ያሳስበኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

«የሚንሸራተተው ካምቢዮው ስለሆነ ችግሩ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ነው»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ጉልበት በተጨመረበት መኪና ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በዘመናዊ መኪና ካምቢዮው የሞተሩን ጉልበት ራሱ አይለካም። የሞተሩ ኮምፒውተር «አሁን ይህን ያህል ቶርክ (የማሽከርከር ጉልበት) እየሰጠሁ ነው» ብሎ ለካምቢዮው ኮምፒውተር ይነግረዋል፤ ያኛው በተነገረው ልክ የዘይቱን ግፊት ይወስናል። ማርሽ የሚያስይዙትን የውስጥ ፍሪሲዮኖች አጥብቆ የሚይዘው ይህ ግፊት ነው።

አሁን በቱርቦው ግፊት ሴንሰር መስመር ላይ የምትሰካውን ትንሽ ሳጥን አስቡ። ሥራዋ ግፊቱን ለሞተሩ ኮምፒውተር አሳንሳ መንገር ነው። ኮምፒውተሩም «ጎድሏል» ብሎ ይጨምራል። ሞተሩ ለምሳሌ 450 ኒውተን ሜትር እየሰጠ ካምቢዮው 380 ነው ብሎ ያምናል። ፍሪሲዮኖቹ ላልተው ስለተያዙ ይንሸራተታሉ፤ በዚሁ ከቀጠለ ይቃጠላሉ። የቶርክ ስሌቱ ሳይስተካከል የቱርቦው ግፊት ብቻ ከፍ የተደረገበት ፋይልም (የሞተሩ ኮምፒውተር የሚሠራበት ፕሮግራም) ያንኑ ጥፋት ያደርሳል። ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ሳጥኗ ትነቀል ወይም የፋብሪካው ፋይል ይመለስ፣ ከዚያ መኪናው እንደገና ይሞከር።

ለሙከራው ፍጥነት አያስፈልግም። መንሸራተት የሚታየው በጭነት ስለሆነ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት በመካከለኛ ፍጥነት ይበቃል። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ስካነሩ ላይ ሦስት ቁጥሮችን ይከታተል፦ የሞተሩን ዙር፣ ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዙርና የሚወጣውን ዙር። በብዙ ቢኤምደብሊው መኪኖች ላይ ባለው፣ የጀርመኑ አምራች ዜድኤፍ በሚሠራው 6ኤችፒ ካምቢዮ የ3ኛ ማርሽ ምጣኔ (የሚገባው ዙር ለሚወጣው ሲካፈል) 1.52 ነው። የሚወጣው 2000 ከሆነ የሚገባው 3040 አካባቢ መሆን አለበት። ማርሹ ገብቶ ካለቀ በኋላ 3300 ካሳየ የውስጥ ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ከተስማሙና የሞተሩ ዙር ብቻውን ከፍ ካለ ግን ማርሹ ደህና ነው፤ መታየት ያለበት ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው የቶርክ ኮንቨርተር መቆለፊያ ነው። ይህን ሳይለዩ ካምቢዮ ማውረድ የደንበኛን ገንዘብ ማባከን ነው።

ፋይሉ ተመልሶ መንሸራተቱ ከጠፋ የቀረው የፋይሉ ባለሙያ ሥራ ነው። ካልጠፋ ፍሪሲዮኖቹ ተበልተው ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱን የሚያከፋፍለው የቫልቭ ቦዲና ግፊቱን በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠሩት ሶሌኖይዶች ምርመራ ይቀጥላል። የካምቢዮው አቅምም ይታወቅ፦ ከ6ኤችፒ ዓይነቶች 6ኤችፒ19 የተሠራው ለ400 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ 6ኤችፒ26 ደግሞ ለ600 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚጭን ሰው ምን እየጠየቀው እንደሆነ ይወቅ።

«እንጦጦ ላይ ማርሽ ካዘገየ ተበላሽቷል»

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። በከተማዋ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ነጂው ነዳጅ ፔዳሉን አብዝቶ ይረግጣል፣ ካምቢዮውም «ጉልበት ተፈልጓል» ብሎ ማርሹን ይዞ ይቆያል። ይህ ትክክለኛ ሥራው ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ በሁለት ማርሽ መካከል ሞተሩ በባዶ ከጮኸ፣ ዙሩ ዘሎ ከተመለሰ፣ ያ መንሸራተት ነው።

«ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው»፣ «የቆየ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል»

ቀለሙ ምንም አይናገርም። ለቶዮታ ቲ-አራት የተባለው ዘይት፣ ዴክስሮን የሚባለው የዘይት ዓይነትና ዜድኤፍ ለራሱ ያዘዘው ዘይት የፍሪሲዮን አያያዛቸው ይለያያል። «የዕድሜ ልክ ዘይት» የሚለውም አያዋጣም፤ ዜድኤፍ ራሱ በ80,000 እና በ120,000 ኪሎ ሜትር መካከል እንዲቀየር ይመክራል። ጉልበት በተጨመረበት፣ ከአዳማ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን አቀበት ተጭኖ በሚመላለስ መኪና ላይ እኔ ከዚያም ቀደም ብዬ እቀይራለሁ።

አዲስ ዘይት ጤነኛ ካምቢዮ አይገድልም። ዘይት ተቀይሮ የሚቆም ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተቃጠለ ነው፤ ሽታውና ጥቁረቱ አስቀድመው ይናገራሉ። የዘይት ልክ ስህተትም ጤነኛውን ሊያስቸግር ይችላል። 6ኤችፒ ላይ ልኩ የሚታየው መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የዘይቱ ሙቀት ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሲሆን ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የሞላ ሰው ዘይቱን አጉድሎታል፤ ማርሹ ቢዘገይ አይግረመው።

«ቼክ ኢንጂን ካልበራ ጤነኛ ነው»

ርካሽ ስካነር ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ያነባል። ፒ0700 የሚለው ኮድ ራሱ ስለ ጉድለቱ ምንም አይገልጽም፤ «የካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጥ ስህተት ተመዝግቧል፣ እዚያ እዩ» ማለት ብቻ ነው። ፒ0730 ደግሞ የማርሹ ምጣኔ ትክክል አይደለም ይላል። ሳያነቡና ሳይመዘግቡ ኮድ ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ነው። ባትሪውንና ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን የመሬት ሽቦ አስቀድሞ መፈተሽም ይገባል፤ ባትሪው ወደ ኋላ ኮፈን በተዛወረበት መኪና ላይ የላላ የመሬት ሽቦ የሌለ የካምቢዮ በሽታ ያስመስላል።

«ሲመታ ካምቢዮው ነው»

የተቀደደ የሞተር ወይም የካምቢዮ ጎሚኒ፣ የተሰነጠቀ የካርዳን (ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ) ጎማ፣ ዲፍሬንሻል ውስጥ ያለ ክፍተት፣ ሁሉም ማርሽ ሲቀየር ይመታሉ። በአራቱም እግሩ በሚጎትት መኪና ላይ የፊትና የኋላ ጎማ ዲያሜትር ካልተስማማ፣ መንቀጥቀጡ ከካምቢዮው የመጣ ይመስላል። ቸርኬ ለቀየረ ሰው ይህ የመጀመሪያ ጥርጣሬው ይሁን።

«ሶማሌ ተራ ሄዶ ሌላ ካምቢዮ መግዛት ይቀላል»

አሮጌ ቶዮታ ላይ ሊሠራ ይችላል። በ6ኤችፒ ላይ ግን ኮምፒውተሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ከሌላ መኪና የመጣው ሶፍትዌሩ ከእናንተ መኪና ጋር መስማማት፣ የተማረው የማርሽ ልምድም ተሰርዞ እንደገና መማር አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት የሻጩን ዘይት አሽትቱ፣ የኮምፒውተሩን ቁጥር ከራሳችሁ ጋር አመሳክሩ፣ ከገጠማችሁ በኋላም መጀመሪያ በፋብሪካው ፋይል ንዱት። ያቺ የቱርቦ ሴንሰር ሳጥን እንደተሰካች ከሆነ የተገዛውም በዚያው መንገድ ይቃጠላል።